አንድ መዝገብ ለብዙ ጸሐፊዎች
በኔትወርክ ላይ ስለሚቀመጡ የጋራ ፋይሎችና ስለ ቁልፋቸው ለነጋድያን የቀረበ ትምህርት

የንግድ ሥራ በመዝገብ እንደሚጸና የታወቀ ነው። ነጋዴው የገዛውንና የሸጠውን፣ ያበደረውንና የተበደረውን በየዕለቱ ጽፎ ካልያዘ ትርፉንም ሆነ ኪሣራውን ለማወቅ አይችልም። ስለዚህ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ ነጋድያን የሒሳብ መዝገብ እንዲይዙ አዝዞ ነበር፤ ይህን የሕግ ክፍል የተካው የ2013 ዓ.ም. አዋጅም ግዴታውን አጽንቶታል።

ዳሩ ግን መዝገቡ ከወረቀት ወደ ኮምፒዩተር በተዛወረ ጊዜ አንድ አዲስ ችግር አብሮ መጥቷል። የወረቀት መዝገብ በአንድ ጊዜ በአንድ ሰው እጅ ብቻ ይገኛል፤ ሌላው ሊጽፍበት ቢፈልግ ተራውን ይጠብቃል። በኔትወርክ ላይ የተቀመጠ ፋይል ግን በአንድ ጊዜ በሁለት፣ በአምስት ወይም በዐሥር ጠረጴዛ ላይ ሊከፈት ይችላል። ይህ ለሥራ ቅልጥፍና ትልቅ ጥቅም ይሰጣል፤ ሥርዐት ካልተበጀለት ግን ሳይታይ የሚያድግ ጉዳት ያመጣል። የዚህ ትምህርት ዓላማ ጉዳቱ እንዴት እንደሚደርስ፣ የፋይል ቁልፍ የሚባለው ነገር ምን እንደ ሆነና ነጋዴው በምን ዐይነት ጥንቃቄ መዝገቡን ሊጠብቅ እንደሚችል ማስረዳት ነው።

ጉዳቱ እንዴት ይደርሳል

በላስታ ደጋ ማር ከታወቁት ሸቀጦች አንዱ ነው። በላሊበላ ከተማ አንድ የማር ነጋዴ አለ እንበል። ሱቁ በገበያው አጠገብ፣ መጋዘኑም ከሱቁ ራቅ ብሎ ይገኛል። በሱቁ አንድ ጸሐፊ፣ በመጋዘኑም ሌላ ጸሐፊ አለ፤ ኮምፒዩተሮቻቸውም በኔትወርክ የተያያዙ ናቸው። በጋራ ፎልደር ውስጥ በተቀመጠው የዕቃ መዝገብ 30 ባልዲ ማር ተጽፏል። መዝገቡ የሚያዝበት ፕሮግራም ግን ስለ ቁልፍ የማይጠነቀቅ ነው።

ቅዳሜ የገበያ ቀን ነው። ሁለቱ ጸሐፊዎች ጧት መዝገቡን በየፊናቸው ከፈቱ፤ ሁለቱም 30 የሚለውን ቍጥር አነበቡ። የሱቁ ጸሐፊ 12 ባልዲ ሸጦ ቀሪውን 18 ብሎ ጻፈና ፋይሉን ዘጋ። የመጋዘኑ ጸሐፊ ጥቂት ቆይቶ ለአንድ የጅምላ ነጋዴ 10 ባልዲ አስረከበ፤ አስቀድሞ ባነበበው በ30 ላይ ተመሥርቶም ቀሪውን 20 ብሎ ጻፈ። የኋለኛው ጽሕፈት የፊተኛውን ደመሰሰው። በእውነት የቀረው 8 ባልዲ ሲሆን መዝገቡ 20 ይላል። የጎደለው 12 ባልዲ የሱቁ ጸሐፊ በሕጋዊ መንገድ የሸጠው ነው፤ ነገር ግን የተሸጠበት ጽሕፈት ጠፍቷል።

በዚህ ነገር ውስጥ የሰረቀ የለም፤ በመደመርና በመቀነስ የተሳሳተም የለም። ሁለቱም ጸሐፊዎች ሥራቸውን በትክክል ሠርተዋል። የቆጠራ ቀን በደረሰ ጊዜ ግን ዕቃ ጎደለ ይባላል፤ ጥርጣሬውም በመጋዘን ጠባቂው ላይ ይወድቃል። የቁልፍ ጉድለት ከገንዘብ ይልቅ የሚጎዳው በዚህ ነው፤ ታማኝ ሠራተኛ ባላጠፋው ጥፋት ይጠየቃል፣ ባለ ሀብቱም ሊያምነው የሚገባውን ሰው ያጣል።

ሁለተኛው ምሳሌ ከሆቴል ሥራ የሚወሰድ ነው። በገና በዓል ምእመናንና ጎብኚዎች ከየአገሩ ወደ ላሊበላ ስለሚጎርፉ በከተማዋ አልጋ ማግኘት እጅግ ያስቸግራል። አንድ ሆቴል የክፍል መዝገቡን በጋራ ፋይል ይዞ ሁለት የእንግዳ ተቀባዮች በአንድ ጊዜ ቢሠሩበትና ሁለቱም ክፍል ቍጥር 7 ባዶ ነው የሚለውን ቢያነቡ፣ አንዱ ክፍል ለሁለት እንግዶች ይሸጣል። የማሩ ስሕተት በቆጠራ ቀን ሊታረም ይችል ይሆናል፤ በበዓሉ ዋዜማ ሌሊት በደጅ የቀረ እንግዳ ግን በማግሥቱ ገንዘቡ ቢመለስለት አይካስም።

ቁልፍ ማለት ምን ማለት ነው

የላሊበላን ውቅር አብያተ ክርስቲያናት የተሳለመ ሰው ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያሻግሩትን ጠባብ መተላለፊያዎች ያውቃል። ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን ሊያልፉበት በማይችሉት ስፍራ አንዱ ቆሞ ሌላውን ያሳልፋል፤ ካለፈ በኋላም እሱ ይገባል። የፋይል ቁልፍ ሥራም ይኸው ነው። ፋይሉን ለመጻፍ የፈለገ ፕሮግራም አስቀድሞ ቁልፉን ይጠይቃል፤ ከተሰጠው ያነባል፣ ይጽፋል፣ ከዚያም ቁልፉን ይመልሳል። በመካከል የመጣ ሌላ ጠያቂ ይጠብቃል ወይም ቁልፉ በሌላ እጅ መሆኑ ይነገረዋል።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ ቁልፉ መያዝ ያለበት ከመጻፍ በፊት ብቻ ሳይሆን ከማንበብም በፊት መሆኑ ነው። በማሩ ምሳሌ ጉዳቱ የመጣው ሁለቱ ጸሐፊዎች በአንድ ደቂቃ ስለ ጻፉ አይደለም፤ አንዱ ያነበበው ቍጥር እሱ እስኪጽፍ ድረስ በሌላው ስለ ተለወጠ ነው። ሊለውጡት የሚነበብ ቍጥር ከንባቡ እስከ ጽሕፈቱ ድረስ በአንድ ቁልፍ ሥር መቆየት አለበት።

ቁልፍ ሁለት ዐይነት ነው። አንደኛው የንባብ ቁልፍ ሲሆን ብዙ ሰዎች በአንድነት ሊይዙት ይችላሉ፤ አንባቢ አንባቢን አይጎዳምና። ሁለተኛው የጽሕፈት ቁልፍ ነው፤ ይህ በአንድ ጊዜ ለአንድ ብቻ ይሰጣል፤ እሱ በተያዘ ጊዜም የንባብ ቁልፍ ለሌላ አይሰጥም። ደግሞም ቁልፍ በፋይሉ ሁሉ ላይ ወይም በፋይሉ ከፊል ላይ ሊውል ይችላል። ፋይሉ በሙሉ ከተቆለፈ ሥራው አስተማማኝ ነው፤ ሌሎች ጸሐፊዎች ግን ሥራ ፈትተው ይቆማሉ። የሚጻፍበት መስመር ብቻ ከተቆለፈ፣ አንዱ የማሩን ሒሳብ ሲጽፍ ሌላው የጤፉን ሊጽፍ ይችላል። በኢትዮጵያ የሒሳብ ባለሙያዎች ዘንድ ፒችትሪ በሚል ስም የታወቀው፣ ዛሬ ሴጅ 50 የሚባለው ፕሮግራም ለብዙ ሠራተኞች በሚፈቅደው ዕትሙ በኔትወርክ ሲሠራ ብዙ ጸሐፊዎች በአንድ ኩባንያ ሒሳብ ላይ ሊሠሩ የሚችሉት መዝገቡን በየክፍሉ ስለሚቆልፍ ነው።

ቁልፉን የሚጠብቀው ማን ነው

በኔትወርክ ላይ ፋይሎቹን የሚያስቀምጠውና ለሌሎቹ የሚያድለው ኮምፒዩተር ሰርቨር ይባላል። ቁልፉንም የሚጠብቀው እሱ ነው። የጋራ ፋይል አሠራር በይበልጥ በሁለት ሥርዐቶች ይካሄዳል። አንደኛው ኤስ ኤም ቢ ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ በአይ ቢ ኤም ኩባንያ ተጀምሮ በኋላ ማይክሮሶፍት ያስፋፋው ሲሆን፣ በዊንዶውስ ኮምፒዩተሮች መካከል የሚሠራው እሱ ነው። ሁለተኛው ኤን ኤፍ ኤስ ይባላል፤ ሳን ማይክሮሲስተምስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1984 የሠራው ሲሆን በዩኒክስና በሊኑክስ ኮምፒዩተሮች ዘንድ የተለመደ ነው።

የቀድሞዎቹ የኤን ኤፍ ኤስ ዕትሞች፣ ይኸውም ሁለተኛውና ሦስተኛው፣ ሰርቨሩ ማን ምን ፋይል እንደ ከፈተ እንዳያስታውስ ሆነው የተሠሩ ነበሩ። ይህም ሰርቨሩ ጠፍቶ ሲነሣ ሥራው ያለ ችግር እንዲቀጥል ረድቷል። ነገር ግን ቁልፍ ለማን እንደ ተሰጠ የማያስታውስ ጠባቂ ቁልፍ ሊጠብቅ አይችልም። ስለዚህ የቁልፉ ሥራ በጎን ለቆመ ሌላ አገልግሎት ተሰጠ፤ ሁለቱ አገልግሎቶች ሳይግባቡ በቀሩ ቍጥርም ብዙ ችግር ይፈጠር ነበር። ደንቡ እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመውና በ2003 የታረመው አራተኛው ዕትም ቁልፉን ከዋናው ሥርዐት ጋር አንድ አድርጎታል።

ሌላም ልዩነት አለ። በዊንዶውስ ሥርዐት ፋይሉን ለብቻው የከፈተ ፕሮግራም ሌላው እንዳይገባ ሊከለክል ይችላል፤ ክልከላውም በግድ ይፈጸማል። በዩኒክስና በሊኑክስ ሥርዐት የተለመደው ቁልፍ ግን የምክር ቁልፍ ነው። ቁልፍ አለ ወይ ብሎ የሚጠይቅ ፕሮግራም መልስ ያገኛል፤ ሳይጠይቅ የሚገባውን ግን የሚያግደው የለም። በር ላይ ተራ ይጠበቅ የሚል ጽሑፍ እንደ መለጠፍ ነው፤ ጽሑፉን የሚያነቡት ሁሉ ቢያከብሩትም፣ ሳያነብ የሚገባ አንድ ሰው የሁሉንም ጥንቃቄ ከንቱ ያደርገዋል። ስለዚህ ነጋዴው ፕሮግራም ሲገዛ ለብዙ ተጠቃሚዎች የተሠራ መሆኑን መጠየቅ እንጂ ፋይሉ በጋራ ፎልደር ውስጥ መቀመጡ ብቻ ይበቃል ብሎ ማሰብ የለበትም።

በኤክሴል የሚሠሩ ጸሐፊዎች የቁልፍን ሥራ በየቀኑ ያዩታል። አንድ ሠራተኛ በጋራ ፎልደር ያለውን ፋይል ሲከፍት ስሙን የያዘች ትንሽ ፋይል በስውር በዚያው ፎልደር ትቀመጣለች። ሁለተኛው ሲመጣ ፋይሉ በእገሌ ተይዟል የሚል ማስታወቂያ ይወጣለትና ለማንበብ ብቻ እንዲከፍተው ይጋበዛል። ጉዳቱ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። ሁለተኛው ጸሐፊ መጠበቅ ሰልችቶት ፋይሉን በሌላ ስም ያስቀምጥና በዚያ ይቀጥላል፤ ማታ ሁለት መዝገብ ይገኛል፤ ሁለቱም ከፊል እውነት፣ ከፊል ሐሰት ናቸው። ቁልፉ ሥራውን ሠርቶ ሳለ የሰው ትዕግሥት ማጣት አፍርሶታል።

መብራት በጠፋ ጊዜ

ቁልፍ የያዘው ኮምፒዩተር በሥራ ላይ ሳለ መብራት ቢጠፋበት ቁልፉ ከማን ጋር ይቀራል? ሰርቨሩ ከርቀት ሲመለከት የሞተ ኮምፒዩተርና ዝም ያለ ኮምፒዩተር አንድ ናቸው። ቁልፉን ቶሎ ለሌላ ቢሰጥ፣ የመጀመሪያው ጸሐፊ በሕይወት ኖሮ መስመሩ ብቻ ተቋርጦ እንደ ሆነ ሁለት የጽሕፈት ቁልፍ ያዦች ይገኛሉ። ለዘላለም ቢጠብቅ ደግሞ፣ ቁልፉን በኪሱ ይዞ ሩቅ አገር እንደ ሄደ ግምጃ ቤት ጠባቂ፣ ሥራው ሁሉ ይቆማል።

የአራተኛው ኤን ኤፍ ኤስ መፍትሔ ቁልፉን በጊዜ ገደብ መስጠት ነው። ነገሩ እንደ ቤት ኪራይ ነው፤ ተከራዩ ጊዜውን እያደሰ ይቆያል፣ ካላደሰ ግን መብቱ ይቀራል። በሊኑክስ ሰርቨር የተለመደው ገደብ 90 ሰከንድ ነው። ኮምፒዩተሩ ይህን ጊዜ ሳያድስ ካለፈ ሰርቨሩ ቁልፉን ለሌላ ሊሰጠው ይችላል። ሰርቨሩ ራሱ ወድቆ ሲነሣ ደግሞ የእፎይታ ጊዜ ያውጃል፤ በዚያ ጊዜ ቀድሞ ቁልፍ የነበራቸው ብቻ ይገባኛል ብለው መልሰው ይወስዳሉ፤ አዲስ ቁልፍ ለማንም አይሰጥም። ስለዚህ ሰርቨሩ ከተነሣ በኋላ ፕሮግራሙ ለአንድ ደቂቃ ተኩል ያህል የዘገየ ቢመስል፣ ሠራተኛው ታግሦ መጠበቅ እንጂ እንደ ገና ማጥፋትና ማብራት አይገባውም።

ሌላው አደጋ የሚመጣው ከፍጥነት ፍለጋ ነው። በኤስ ኤም ቢ ሥርዐት ፋይሉን አንድ ሰው ብቻ ከከፈተው፣ ሰርቨሩ ያ ኮምፒዩተር የጻፈውን ለጊዜው በራሱ ዘንድ እንዲያቆይ ይፈቅድለታል፤ ሌላ ጠያቂ ሲመጣ ያንጊዜ እንዲያስረክብ ይታዘዛል። ይህ ሥራውን ያፋጥናል። ነገር ግን ሳይረከብ መብራት ከጠፋ፣ ጸሐፊው ጽፌአለሁ የሚለው ነገር በሰርቨሩ ላይ አይገኝም።

ይህ ጉዳይ ለላስታ ነጋዴ የንድፈ ሐሳብ ነገር አይደለም። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ላሊበላ በደረሰ ጊዜ ከተማዋ ያለ መብራትና ያለ ስልክ ብዙ ጊዜ ቆይታለች። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያም በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ሳይመለስ ቆይቷል። እንዲህ ያለውን የሚያውቅ ነጋዴ መዝገቡን ሲያደራጅ መቋረጥን እንደ ተራ ነገር ቈጥሮ ሊዘጋጅበት ይገባዋል።

እርስ በርስ መጠባበቅ

በጠባብ መተላለፊያ ሁለት ሰዎች ከሁለት አፍ ገብተው በመካከል ቢገናኙ፣ አንዱ ወደ ኋላ ካልተመለሰ ሁለቱም ቆመው ይቀራሉ። በመዝገብም እንዲሁ ይሆናል። አንዱ ጸሐፊ የዕቃውን መዝገብ ቆልፎ የገንዘቡን ይጠብቃል፤ ሌላው የገንዘቡን ቆልፎ የዕቃውን ይጠብቃል። ሁለቱም ኮምፒዩተሮች ዝም ይላሉ፤ ሠራተኞቹም ማሽኑ ተበላሸ ይላሉ። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ሁሉም ጸሐፊዎች ሁልጊዜ በአንድ ቅደም ተከተል እንዲከፍቱ ማዘዝ፣ ለምሳሌ መጀመሪያ የዕቃውን፣ ቀጥሎ የገንዘቡን። ሁሉም ከአንድ አፍ ከገቡ ፊት ለፊት የሚጋጭ አይኖርም።

ከአዲስ አበባ እስከ ላሊበላ

ብዙ ድርጅቶች አንዱ ቢሮአቸው በአዲስ አበባ፣ ሌላው በክፍለ ሀገር ይገኛል። በመካከሉ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ ሲኖር፣ የጋራ ፎልደርን በቀጥታ ከፍቶ መሥራት አይመከርም፤ መስመሩ በተቋረጠ ቍጥር ቁልፉም አብሮ ይናወጣልና።

አንዳንዶች መፍትሔ ይሆናል ብለው እንደ ድሮፕቦክስ ያሉትን አገልግሎቶች ይጠቀማሉ። እነዚህ ፋይሉን በየኮምፒዩተሩ ገልብጠው ያስቀምጣሉ፤ ለሰነድ መላላኪያም ይጠቅማሉ። ሁለት ሰዎች አንዱን ፋይል በየበኩላቸው ቢለውጡ ግን ድሮፕቦክስ አንዱን ይዞ ሌላውን እንደ ተጋጨ ቅጂ ለብቻው ያስቀምጠዋል። የጠፋ ጽሕፈት የለም፤ ነገር ግን ክፍሉ ለሁለት እንግዶች ተሽጧል። ግጭትን በኋላ ማስታወቅና ግጭትን አስቀድሞ መከልከል የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

የተሻለው መንገድ ፋይሉን ለሁሉ ከመክፈት ይልቅ መዝገቡን በዳታቤዝ ሰርቨር ማስያዝ ነው። በዚህ አሠራር ከፋይሉ የሚነካው አንድ ፕሮግራም ብቻ ነው፤ ሌሎቹ ክፍል 7ን ያዝልኝ ብለው ይጠይቁታል፣ እሱም ለአንዱ ብቻ እሺ ይላል። ዳታቤዝ ሁሉ ግን እንዲህ አይደለም። ኤስ ኪው ላይት የሚባለው ፋይሉን በቀጥታ የሚከፍት ስለ ሆነ፣ በኔትወርክ ፎልደር ላይ ብዙ ሰዎች እንዲጽፉበት ማድረግ መዝገቡን ሊያበላሽ እንደሚችል አዘጋጆቹ ራሳቸው ያስጠነቅቃሉ።

መስመሩ ፈጽሞ በሚቋረጥበት አገር ደግሞ ከሁሉ የሚበልጠው ዘዴ ድርሻን አስቀድሞ መከፋፈል ነው። ሆቴሉ 24 ክፍሎች ቢኖሩት፣ ለበዓሉ ሳምንት 10ሩን የአዲስ አበባው ቢሮ፣ 14ቱን የላሊበላው ጽሕፈት ቤት ብቻ እንዲሸጥ ይወሰናል። መስመሩ ቢቋረጥም ማንም የማንንም ክፍል ስለማይነካ ድርብ ሽያጭ አይኖርም። አንዱ ጨርሶ ሌላው ቢተርፈው፣ መስመሩ ሲመለስ ይተላለፋሉ። ምናልባት አንድ ሁለት ክፍል ሳይሸጥ ሊያድር ይችላል፤ ይህ ኪሣራ ግን በደጅ ከሚያድር እንግዳ ጋር አይወዳደርም።

ለነጋድያን የሚሰጥ ምክር

አንደኛ፤ እያንዳንዱ መዝገብ አንድ ኀላፊ ይኑረው። ሌሎች ማንበብ ይፈቀድላቸው፤ መጻፍ ግን ሥራቸው ለሆነ ብቻ ይሰጥ።

ሁለተኛ፤ ሽያጭን ቀሪውን በመለወጥ ከመመዝገብ ይልቅ ገቢና ወጪውን በየመስመሩ መጻፍ ይሻላል። 12 ወጣ፣ 10 ወጣ ተብሎ የተጻፈ መዝገብ ቀሪውን በድምር ይሰጣል፤ ስሕተት ቢገኝም ዱካው ይታያል።

ሦስተኛ፤ ወደ አንድ ፎልደር የሚወስደው መንገድ አንድ ይሁን። አንዱን ፋይል ከፊሉ ሠራተኛ በኤስ ኤም ቢ፣ ከፊሉ በኤን ኤፍ ኤስ ከከፈተው፣ ሰርቨሩ ሁለቱን እንዲያስታርቅ ካልተዘጋጀ አንዱ የሌላውን ቁልፍ ላያይ ይችላል።

አራተኛ፤ ፋይሉ ተይዟል የሚለው ማስታወቂያ ሲወጣ፣ የቁልፏን ፋይል ከመሰረዝ በፊት የያዘው ሰው ይጠየቅ። በዊንዶውስ ሰርቨር ላይ ኀላፊው የተከፈቱትን ፋይሎችና የከፈቱአቸውን ሰዎች ዝርዝር ማየት ይችላል። ሠራተኛው ፋይሉን ከፍቶ ወደ ምሳ መሄድ እንደሌለበት ደንብ ይውጣ።

አምስተኛ፤ ሰርቨሩም ሆነ የኔትወርኩ መገናኛ ሣጥን በዩፒኤስ ይደገፉ። ሰርቨሩ በርቶ ሳጥኑ ከጠፋ ቁልፍ ያዦች ሁሉ በአንድ ጊዜ ይጠፋሉ።

ስድስተኛ፤ ባክአፕ የሚወሰደውና የዓመቱ ሒሳብ የሚዘጋው ሁሉም ጸሐፊዎች ከወጡ በኋላ ይሁን። በጽሕፈት መካከል የተገለበጠ መዝገብ ግማሹ የትናንት፣ ግማሹ የዛሬ ሊሆን ይችላል።

ሰባተኛ፤ አዲስ ፕሮግራም ከመገዛቱ በፊት ይፈተን። ሁለት ሠራተኞች አንዱን መስመር በአንድ ጊዜ ከፍተው ይለውጡት፤ ከዚያም የአንዱ ኮምፒዩተር ሽቦ ይነቀል። ሻጩ ስለ ፕሮግራሙ ከሚናገረው ይልቅ በዚህ ፈተና የሚታየው ይታመን።

እንግዲህ ቁልፍ ብረት ሳይሆን በፕሮግራሞችና በሰዎች መካከል የተደረገ ስምምነት መሆኑ ግልጽ ነው። ስምምነቱ የሚጸናው ሁሉም ሲጠይቁ፣ ያዡ በጊዜው ሲመልስና ጠባቂው ማን እንደ ያዘ ሲያውቅ ነው። በዚህ ሥርዐት የተያዘ መዝገብ ለነጋዴው ትርፉን፣ ለሠራተኛው ንጽሕናውን፣ ለእንግዳውም አልጋውን ይጠብቅለታል።